ከሆዱ

ባሌ ኤላዲዮ ዋጋ ጠሪ ነበር፣
በቡሬላ ወደብ፣ በዓሣ ጨረታው በር።
ሌሊት አሥር ሰዓት ጀልባዎች ሲገቡ፣
ነጋዴዎች መጥተው ሣጥኑን ሲከቡ፣
ከላይ ይጀምርና ቁልቁል ይነዳዋል፤
መቶ፣ ዘጠና ዘጠኝ፣ ዘጠና ስምንት ይለዋል፤
«በቃ!» ያለው ገዢ በዚያ ይወስደዋል።
በአንድ ትንፋሽ ስልሳ ቁጥር የሚያፈስ ጉሮሮ፣
እሱ ነበር እርሻችን፣ እሱ ነበር ኑሮ።

በኅዳር ሉጎ ወሰዱት።
«የድምፅ ሣጥን» አሉ ሐኪሞቹ። እኔ የማውቀው ሣጥን
በረዶ የሚነሰነስበት፣ ሰርዲን የሚደረደርበት።
አወጡት፣ ከነበሽታው፣ ማንም «በቃ» ሳይልበት።

አንገቱ ሥር ቀዳዳ ቀረ፣ የሳንቲም ያህል ክብ፤
በዚያ ይተነፍሳል፤ ሌሊት ነቅቼ ፉጨቱን እቆጥራለሁ በልብ።
አፍንጫው ሽታ አጣ። አፉ ሾርባ ማብረድ፣
ሻማ ማጥፋት ተሳነው፤ ነፋሱ ሄደ በሌላ መንገድ።

በጨረታው ቤት በሱ ፈንታ የመብራት ሰሌዳ ሰቀሉ፤
ቀይ ቁጥር ዝም ብሎ ይወርዳል፣ ገዢዎች ቁልፍ ይጫናሉ።
«ወደቡም ጉሮሮውን አስወጣ» እያሉ ሽማግሌዎቹ ይስቃሉ።

ለሱም ትንሽ ሰሌዳ ሰጡት፣ ጠመኔ የታሰረባት፤
ሰው እንዴት በጠመኔ ይጣላል ከሚስት?
እሱ «አንቺ» ብሎ ሳይጽፍ፣ እኔ ሰባት መልስ እመልሳለሁ፤
ሲብስብኝ ደግሞ ጀርባዬን እሰጠዋለሁ።
ጀርባ የሰጠ አያነብም።
የድስት ክዳን ያጋጫል፤ አልዞርም።
ተንኮሌን አውቀዋለሁ፣ አልክድም።

ከሆስፒታሉ ምድር ቤት፣ ከአሮጌ ወንበሮች መሐል፣
ሴቨሪኖ የሚሉት ሰው ያስተምራል፤
የአውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ እሱም ሣጥኑን ያስረከበ፣
አንገቱን በሰማያዊ ሻርፕ የከበበ።
ድምፁ ማርሽ ሲቀየር እንደሚንገራገጭ ነው፤
«አየር ዋጥ» ይላል፣ «ዋጥና መልሰህ አግሳ።»
ባሌ ቀላ። ልጅ ሳለ ማዕድ ላይ ቢያገሳ
እናቱ በማንኪያ ጣቱን ስለምትመታው።
«አንበሳም ያገሳል» አለ ሴቨሪኖ፣ «ማን በማንኪያ መታው?»

ፓ።
ታ።
ካ።
መታጠቢያ ቤት ዘግቶ፣ ቧንቧ ከፍቶ እንዳልሰማው፣
አንዴ ሲያገኘው፣ አሥሬ ሲቀማው።
ለመብራት ሂሳብ ቢደውል፣ ልጅቷ «ጠጥተሃል» ብላ ዘጋችበት፤
ለግድግዳው «አል... ጠጣ... ሁም» አለው፣ ቃሉ እየተሰበረበት።

የካቲት አጋማሽ፣ እራት ላይ፣ ማንኪያውን አስቀመጠ።
ዋጠ።
«ጨው።»
የሞተ ሰው እንደጠራው ሰው ደነገጥሁ።
«ጨው... የለውም።»
ዘጠና ቀን ጠብቄ፣ ይኼ ነው የመጀመሪያ ቃልህ?
ሳቅሁ፤ እንባዬ ሾርባው ላይ ወረደ፤ «በል እንግዲህ፣ ጨው ገባልህ!»
ከዚያ በደንብ ተጣላን፣ በድምፅ፣ እስከ ሦስት ሰዓት፤
ተሸነፈ፣ ደስ እያለው፣ እንደ ጥንት።

የዚያን ሌሊት መብራት አጥፍቼ፣ ጀርባዬን ሰጥቼው ተኛሁ።
ከኋላዬ ሲውጥ፣ ሲቆይ፣ ሲናገር ሰማሁ።

«ያባትሽ... የመጨረሻ... ሣጥን።
ገዢው... አፉን... ሊከፍት ሲል... አየሁት።
አላቆምሁም።
አምስት ቁጥር... ወረድሁበት።»

አውቅ ነበር። አባቴም አውቆ ነው የሞተ።
ያ ሁሉ ቁጥር ባለፈበት ጉሮሮ ሃያ ዓመት ያልወጣ፣
ጉሮሮው ሲወጣ መጣ።
ሰው ሁሉ ካንገት በላይ ያወራል፤
የኔ ሰው ካንገቱ በላይ መንገድ የለው፣ ከሆዱ ይጀምራል።

ዞርሁ።
በጨለማው እንደገና አየር ሲውጥ ሰማሁት።
«ቀጥል» አልሁት፣ «ቀስ እያልህ አውርደው።
እኔ በቃ አልልህም።»